ዋጋን በሞት ቅጣት ሊያስር የሞከረው ንጉሥ

ዲዮቅልጥያኖስ የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስንክሳር ሲነበብ ከሰማዕታቱ ጋር ስሙ ደጋግሞ ይነሳል። አብያተ ክርስቲያናት ያስፈረሰ፣ መጻሕፍት ያስቃጠለ፣ ደም ያፈሰሰ ንጉሥ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ስማር ነው። መምህራችን ስለ ዋጋ ቁጥጥር ሲያስተምር ዲዮክሌሺያን የሚባል የሮማ ንጉሠ ነገሥት ከሺህ በላይ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጥሎ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮን አለፈ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው የገባኝ ግን ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ያገናኘኝም ስልኬ ላይ ያየሁት የአንድ አሮጌ የነሐስ ሳንቲም ፎቶ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ የዚያን ሳንቲም ባለቤት ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ሳንቲሙ አሥር ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በስፋት ከኛ የአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይርቅም። ፊቱ ላይ አንገቱ የወፈረ፣ ጺሙን አሳጥሮ የተከረከመ፣ የቅጠል አክሊል የደፋ ሰው አለ። ጀርባው ላይ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ራቁቱን ቆሟል። ትከሻው ላይ ነጠላ መሳይ ጨርቅ ጣል አድርጓል፤ ራሱ ላይ የእህል መስፈሪያ የመሰለ ነገር ደፍቷል። በግራ እጁ ፍራፍሬ የሞላበት ቀንድ ይዟል፣ በቀኝ እጁ ጠፍጣፋ ሳህን ዘርግቶ ለአማልክት መጠጥ ያፈሳል። ዙሪያው ላይ ያለው የላቲን ጽሑፍ ይህ ጎልማሳ የሮማ ሕዝብ ጠባቂ መንፈስ መሆኑን ይገልጻል። በኛ አነጋገር የሮማ ሕዝብ ቆሌ ማለት ነው። ሳህኑን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰውየው ሲወለድ ስሙ ዲዮክሊስ ነበር። የተወለደው በ240ዎቹ፣ ዛሬ ክሮኤሺያ በምትባለው አገር፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ሳሎና በተባለች ከተማ አካባቢ ነው። ከትልቅ ቤት አልመጣም። ከጥንት ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ አባቱ ጸሐፊ ነበር ይላሉ፤ ሌሎቹ የአንድ ሴናተር ባሪያ የነበረና ኋላ ነጻ የወጣ ሰው ያደርጉታል። በዚያ ዘመን ለድሃ ልጅ የቀረው መሰላል ውትድርና ነበር። ዲዮክሊስም በዚያ መሰላል ወጥቶ ወጥቶ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር አዛዥ ሆነ።

በ283 ንጉሠ ነገሥት ካሩስ ፋርስ ላይ ዘምቶ ሳለ ሞተ፤ መብረቅ መታው ተባለ። ሠራዊቱን እየመራ መመለስ የወጣት ልጁ የኑሜሪያን ድርሻ ሆነ። ኑሜሪያን ዓይኑን ታሟል ተብሎ በተሸፈነ ቃሬዛ ነበር የሚጓዘው። ቀናት አለፉ። ከቃሬዛው ሽታ መውጣት ሲጀምር ወታደሮቹ መጋረጃውን ገለጡ፤ ልጁ ከሞተ ሰንብቷል።

ኅዳር ላይ፣ በኖቬምበር 20 ቀን 284፣ ኒቆምድያ ከተማ አጠገብ (ዛሬ የቱርክ ኢዝሚት ናት) ሠራዊቱ ተሰብስቦ ዲዮክሊስን ንጉሠ ነገሥት አድርጎ መረጠ። እሱም መድረኩ ላይ ወጥቶ በግድያው እጁ እንደሌለበት በፀሐይ ማለ። ወዲያው የኑሜሪያን አማች አባት ወደነበረው ባለሥልጣን፣ ወደ አፔር፣ ጣቱን ቀሰረና በሁሉም ፊት በገዛ ሰይፉ ወጋው። ፍርድ ቤት የለ፣ ምስክር የለ። አፔር የራሱን ወገን ሳይናገር ሞተ።

ሮማውያን በዚህ ላይ አንድ ታሪክ ጨምረዋል። ዲዮክሊስ ተራ ወታደር ሳለ በጎል አገር አንዲት ጠንቋይ የምትነግሠው ከርከሮ የገደልክ ዕለት ነው ብላው ነበር ይባላል። ከርከሮ ሲያድን ኖረ፤ ዙፋኑ ግን ለሌሎች እየሄደ አስቸገረው። በላቲን አፔር ማለት ከርከሮ ነው። ተረት ቢመስልም ሕዝቡ ወዶት ተርኮታል።

በማግስቱ የጠበቀው ሥራ ግን ተረት አልነበረም። ከ235 ጀምሮ ባሉት ሃምሳ ዓመታት ሮማ ከሃያ በላይ ንጉሠ ነገሥታትን አይታለች፤ አብዛኞቹ የሞቱት በሰው እጅ ነው። ድንበሩ ተደፍሯል፣ ወረርሽኝ ገብቷል፣ ገንዘቡም ረክሷል።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልበል። ጋዜጣም ቴሌቪዥንም በሌለበት አገር፣ ንጉሡ እስከ ገበያና ጠጅ ቤት ድረስ የሚገባው በሳንቲም ነበር። ትልልቆቹ የነሐስ ሳንቲሞች ደግሞ ለሥዕል የሚመች ሰፊ ቦታ ነበራቸው። ኔሮ የኦስቲያን ወደብ ከነመርከቦቹ አሳትሟል። ቬስፓሲያን ይሁዳ መሸነፏን ለማሳየት ከተምር ዛፍ ሥር የምታለቅስ ሴት አስቀርጿል። ልጁ ቲቶ ኮሎሲየምን ሙሉውን ከተመልካቾቹ ጋር አስቀምጦታል። ፊቶቹም የእውነት ፊት ነበሩ፤ ኔሮ ከዓመት ዓመት ሲወፍር፣ ቬስፓሲያን ሲሸበሸብ ሳንቲሙ ላይ ይታያል።

በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ነገሩ ተበላሸ። ለወታደር ደመወዝ የሚበቃ ብር ከማዕድን አልወጣ ሲል፣ ነገሥታቱ በብር ሳንቲሙ ውስጥ መዳብ ይጨምሩ ጀመር። ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ፣ ከዚያ ብዙ። 270 ገደማ ላይ የብር የሚባለው ሳንቲም ውስጥ የቀረው ብር ከመቶ አምስት እጅ በታች ነበር። ላዩን በስሱ ብር ይቀባና ይለቀቃል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቅቡ ይለቅና ቀዩ መዳብ ብቅ ይላል። ነጋዴው ይህን ሲያይ ዋጋ ይጨምራል። ዋጋ ሲጨምር ወታደሩ ያጉረመርማል። ወታደሩ ሲያጉረመርም ንጉሡ ይገደላል። አዲሱ ንጉሥ ለወታደሩ ጉርሻ ለመስጠት እንደገና ሳንቲም ያሳትማል።

ዲዮቅልጥያኖስ (ሲነግሥ ስሙን በላቲን ደንብ አስረዝሞታል) ይህን አዙሪት ለመስበር ሃያ ዓመት ታገለ። ጨካኝ ነበር፤ ሰነፍ ግን አልነበረም። ግዛቱ ለአንድ ሰው እንደማይበቃ ስለገባው በ286 የጦር ጓዱን ማክሲሚያንን እኩያው አደረገ። በ293 ደግሞ ገሌርዮስና ቆንስጣንስ የተባሉ ሁለት ምክትሎች ጨመረ። አራት ሰው፣ አንድ መንግሥት። የሳንቲሙ ፊትም ያኔ ተለወጠ፤ የአራቱም ነገሥታት መልክ አንድ ዓይነት ሆነ። ያው ወፍራም አንገት፣ ያው አጭር ጺም፣ ያው የፈጠጠ ዓይን። ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ዙሪያው ላይ ያለውን ስም በማንበብ ብቻ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ አንዱን ብትገድሉ ያው ሌላው አለ።

ገንዘቡንም ከሥር መሠረቱ ሊያስተካክል ተነሳ። በ294 ገደማ ንጹሕ ወርቅ፣ ንጹሕ ብር፣ ከዚያም ባለ ቆሌውን ትልቅ የነሐስ ሳንቲም አወጣ። ከለንደን እስከ አንጾኪያ ያሉ ማተሚያዎች ያንኑ ሥዕል ማተም ያዙ። እስክንድርያ ብቻ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የራሷን የግብፅ ገንዘብ ስታትም ኖራ ነበር። በ297 ግብፅ ሲያምፅ ንጉሡ ራሱ ዘምቶ ከተማዋን ስምንት ወር ከቦ ያዛት፤ ማተሚያዋም እንደሌሎቹ ባለ ቆሌውን አተመ። ደሙ እስከ ፈረሴ ጉልበት ካልደረሰ ግድያው አይቁም ብሎ ምሎ ሳለ፣ ፈረሱ ሲገባ ተደናቅፎ ጉልበቱ ደም በመንካቱ ግድያው ቆመ ይባላል። የእስክንድርያ ሰዎችም ለፈረሱ ሐውልት አቆሙለት ተብሎ ተጽፏል።

ሳንቲሙ ግን እንደ እስክንድርያ እጁን አልሰጠም። ቆሌው ያለበት ትልቁ ሳንቲም ውስጥ ያለው ብር ከመቶ አራት እጅ ቢሆን ነው፤ የቀረው ነሐስ ነው። ንጉሡ ግን ከነሐስነቱ በላይ ዋጋ ሰጥቶ ለወታደሩና ለሹሙ ይከፍልበታል። ሠራዊቱ በዝቷል፣ ሹሙ በዝቷል፣ ክፍለ ሀገሩ ተከፋፍሎ ቁጥሩ እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ማተሚያው አያርፍም። ሕዝቡም ወርቁንና ንጹሑን ብር እያስቀመጠ ነሐሱን ለገበያ ያወጣል። ከሁሉ የሚገርመኝ መንግሥቱ ራሱ ግብሩን በእህልና በዕቃ መሰብሰቡ ነው። በገዛ ሳንቲሙ ያልተማመነ መንግሥት ገበሬውን እመን ሊለው ነው።

በዚህ መሃል አዲስ ሥዕል መጣ። ሞኔታ የተባለችው እንስት አምላክ በአንድ እጇ ሚዛን፣ በሌላው የበረከት ቀንድ ይዛ ሳንቲሙ ላይ ቆመች፤ ዙሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ የጌቶቻችን ቅዱስ ገንዘብ እንደሆነ ያውጃል። እንግሊዝኛው መኒ የሚለው ቃል የመጣው ከእሷ ስም ነው። ገንዘብ ቅዱስ ነው ብሎ ራሱ ገንዘቡ ላይ መጻፍ ካስፈለገ፣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገበያው ከማንም በፊት ያውቃል።

ከሴፕቴምበር 1 ቀን 301 ጀምሮ የሳንቲሞች ዋጋ በአዋጅ እጥፍ እንዲሆን ታዘዘ። ያው ብረት ነው፤ ስሙ ብቻ ጨመረ። የሸቀጥ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። የዚያ ዘመን ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደነበር የሚያሳይ አንድ የፓፒረስ ደብዳቤ ግብፅ ውስጥ ተገኝቷል። አንድ ሰው የሳንቲሙ ዋጋ በመንግሥት በግማሽ ሊቀነስ መሆኑን አስቀድሞ ሰምቶ፣ ለሠራተኛው ያለህን ገንዘብ ሁሉ በተገኘው ዋጋ ዕቃ ግዛበት ብሎ በጥድፊያ ያዝዘዋል። የውስጥ መረጃ የያዘ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከአሥራ ሰባት መቶ ዓመት በኋላም እናውቀዋለን።

በ301 መጨረሻ ዝነኛው የዋጋ አዋጅ ወጣ። ከሺህ በላይ ዕቃዎችና አገልግሎቶች እያንዳንዳቸው ጣሪያ ተሰጣቸው። መቁጠሪያው ዴናሪየስ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዲናር የምንለው። የቀን ሠራተኛ ከነምግቡ 25፣ አናጢና ጋጋሪ 50። ፀጉር አስተካካይ ለአንድ ሰው 2። አንድ እንቁላል 1። አንድ ፓውንድ የበሬ ሥጋ 8፣ የአሳማ 12። ፊደል የሚያስቆጥር መምህር ለአንድ ልጅ በወር 50። አንድ የወታደር መስፈሪያ ስንዴ 100፤ የቀን ሠራተኛው አራት ቀን ለፍቶ የሚገዛው ማለት ነው። አንደኛ ደረጃ የሆነ ወንድ አንበሳ 150,000። ከጣሪያው በላይ የሸጠ፣ ተስማምቶ የገዛ፣ ዕቃ የደበቀ ሁሉ ቅጣቱ ሞት ነው። የአዋጁ መግቢያ ጥፋቱን በሙሉ በስግብግብ ነጋዴዎች ላይ ይጥላል፤ ወታደሩ በአንድ ግዢ ደመወዙን ሁሉ እንደሚነጠቅ ያማርራል። ስለ ሳንቲሙ ጥፋት አንድም ቃል የለውም።

ውጤቱን የዘመኑ ሰው ላክታንቲየስ ጽፎታል። ክርስቲያንና የንጉሡ ጠላት ስለነበር ማጋነን ይኖረዋል፤ የነገረን ግን ማንኛውም የአንደኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚገምተውን ነው። ዕቃው ከገበያ ጠፋ። በትንሽ ትልቁ ደም ፈሰሰ። ዋጋው ባሰበት። አዋጁም ራሱ እየተረሳ ቀረ። በአዋጁ አንድ ፓውንድ ወርቅ 72,000 ዴናሪየስ ነበር፤ በ324 ግብፅ ውስጥ 300,000 ገደማ ደርሷል። አዋጁ በድንጋይ ተቀርጾ ስለነበር ስብርባሪው ዛሬም ከምሥራቁ ግዛት ከተሞች ይገኛል። ድንጋዩ ላይ ያለው ዋጋ አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው ገበያው ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ እንመለስ።

ዲዮቅልጥያኖስ ሁሉን ነገር በአንድ ማኅተም ማተም የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ፊት፣ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ዋጋ። አምልኮም አንድ እንዲሆን ፈለገ። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 303 ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ይታይ የነበረው የኒቆምድያ ቤተ ክርስቲያን በወታደር ፈረሰ። በማግስቱ አዋጁ ተለጠፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት ይፍረሱ፣ መጻሕፍት ይቃጠሉ። አዋጁን የቀደደ አንድ ሰው በእሳት ተገደለ። በ304 ነገሩ ከፋ፤ ማንም ሰው ለአማልክት እንዲሠዋ ታዘዘ። ትንሽ ዕጣን ማጨስ ወይም ትንሽ ወይን ማፍሰስ በቂ ነው። ሳንቲሙ ላይ ያለው ቆሌ የሚያደርገውን ማለት ነው። ለአሥር ዓመት ያህል በየሰዉ እጅ፣ በየገበያው ሲዞር የነበረው ያ ምልክት አሁን የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆነ። እምቢ ያሉት በብዙ ሥቃይ ሞቱ። የቂሣርያው አውሳብዮስ ግብፅ ውስጥ በአንድ ቀን ብዙዎች ሲገደሉ በዓይኑ ማየቱን ጽፏል። ስደቱ ከንጉሡ በኋላም ቀጥሎ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ተፍጻሜተ ሰማዕት የምትለው የእስክንድርያው ጴጥሮስ በ311 አንገቱ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ ኢኮኖሚስቱ ማንነቴ ይጨነቃል። እንቁላል በአንድ ዲናር ይሸጥ የሚለውን የሞት ቅጣት ነጋዴው ሸሽቶ አመለጠው። ወይን አፍስስ የሚለውን ግን ብዙዎች መሸሽ እያለላቸው አልሸሹትም። ንጉሡ ሁለቱንም ጊዜ በሰው ልብ ውስጥ ያለውን ነገር ከውጭ ሊያትም ሞክሯል፤ ዋጋም እምነትም አልታተሙለትም።

በሜይ 1 ቀን 305 ከእሱ በፊት ምንም ሮማዊ ንጉሠ ነገሥት በፈቃዱ ያላደረገውን አደረገ፤ ሥልጣን ለቀቀ። ታሞ ከስቶ ነበር። በነገሠበት ኮረብታ ላይ ሠራዊቱን ሰብስቦ ሐምራዊ ካባውን አወለቀና ወደ ትውልድ ቀዬው ሄደ። ለዚህም ሳንቲም ታትሟል። በዚህኛው ላይ አንጋፋው ንጉሥ በእጁ የወይራ ቅርንጫፍ ይዟል፤ ጀርባው ላይ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፣ አንዷ የአማልክት ጥበቃ፣ ሌላዋ ዕረፍት።

ዕረፍቱ ግን ሳንቲሙ ላይ እንዳለው አልሆነም። አራቱ ነገሥታት የሚለው ሥርዓት ጀርባውን ሳያዞር ፈረሰ፤ ልጆችና ጓዶች እርስ በርስ ተፋጁ። በ308 ካርኑንቱም በተባለ ቦታ ተመልሶ እንዲነግሥ ለመኑት። ሳሎና በእጁ የተከለውን ጎመን ቢያዩ ኖሮ ይህን እንደማይጠይቁት መለሰላቸው ይባላል። ጎመን ተካዩ ሽማግሌ ግን ቤተሰቡን ማዳን አልቻለም። ልጁ ቫለሪያ የገሌርዮስ ሚስት ነበረች። ባሏ በ311 ሲሞት አዲሱ የምሥራቅ ገዢ ላግባሽ አላት፤ እምቢ ስትል ከእናቷ ጋር ወደ ሶርያ በረሃ አጋዛት። አባቷ መልእክተኛ እየላከ ቢማጸን የሚሰማው አጣ። በአንድ ወቅት ፊቱ በመላው ግዛት ሳንቲም ላይ የነበረ ሰው፣ ስሙ ለልጁ ስንቅ እንኳ መግዛት አልቻለም። እሱ ከ311 እስከ 313 ባለው ጊዜ ውስጥ ሞተ፤ እናትና ልጅ ከሱ በኋላ አንገታቸው ተቀላ።

ሳንቲሙም አብሮት አነሰ። አሥር ግራም የነበረው በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት ግራም ወረደ። የተቀበረበት ሕንፃ ስፕሊት ከተማ ውስጥ ዛሬም ቆሟል፤ ሬሳ ሳጥኑ ግን ጠፍቷል። ሕንፃው አሁን ካቴድራል ነው፤ የተሰየመውም በእሱ ዘመን በ304 በተገደለው በሳሎናው ጳጳስ በዶምኒዩስ ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ በአክሱም እንዱቢስ ከራሱ ምስል በላይ ጨረቃና ክብ አድርጎ ገንዘብ ማሳተም ጀምሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ኢዛና በዚያ ቦታ ላይ መስቀል ተካ።

አሁን ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። የኛን ዓመተ ምሕረት ጻፉና 276 ቀንሱ። 2017 ከሆነ 1741 ይመጣል። ይህ ቁጥር ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠ የተቆጠረ ነው። የእስክንድርያ የዘመን ቆጣሪዎች ሥልጣን ከለቀቀም በኋላ የሱን ዓመት መቁጠር አላቋረጡም፤ ፋሲካን የሚያወጡት በሱ ነበርና። ሮማ የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ በ525 የአሳዳጁን ስም በፋሲካ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ ስላልፈለገ ከክርስቶስ ልደት ጀምሮ መቁጠርን አመጣ፤ ዓለም ዛሬ የሚጠቀምበት አቆጣጠር የመጣው ከዚያ ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች ደግሞ ቁጥሩን ሳይነኩ ስሙን ብቻ ለወጡት፤ ዓመተ ሰማዕታት አሉት። ከነሱም ወደኛ ባሕረ ሐሳብ ገባ።

የፎቶው ሳንቲም ላይ የብር ቅቡ ሙሉ በሙሉ ለቋል። የንጉሡ አፍንጫና ዓይን ተፍቀዋል፣ ከስሙም ሁለት ፊደል ጠፍቷል። የቆሌው ሳህን ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ስንክሳር ሲነበብ ያንን ስም በሰማሁ ቁጥር አሁን የሚመጣብኝ ያ ሳህን ነው፤ ከሱም ጋር አላፈስም ያሉት ሰዎች።